ሃያ አራት ግመሎች

ዳሃቦ ሰማያዊውን የትምህርት ቤት ሹራብ አራት ቦታ አጣጥፋ በመምህራኑ ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች። በላዩ የሒሳብ መጽሐፉን፣ በመጽሐፉ ላይ ደብተሩን ትደርባለች።

«መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ነው» ትላለች። «እኔ ቤት እንዳይጠፋ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

አሰግድ ቀይ እስክሪብቶውን ይከድናል። ቱሪ ትናንትም ዛሬም ከክፍል ቀርታለች።

«አሟታል?»

«አባቷ ወሰዳት።»

ዳሃቦ የቱሪ አክስት ናት። የምትኖረው እዚሁ የድንበር ከተማ፣ ሄሉ ሰፈር ነው፤ አማርኛውን የለመደችው ለሐበሻ ሆቴሎች ወተት ስታቀርብ ነው። ባለፈው በጋ የቱሪ አባት ሁካ ልጁን ለአንድ ሽማግሌ ሊድራት ቀን በቆረጠ ጊዜ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ከቦሪ መንደር በከብት መኪና ተሳፍራ እርሷ ዘንድ መጣች። ይህን የሚያውቁት አክስቲቱና አሰግድ ብቻ ነበሩ። ሁካ ኢሲዮሎ ገብታለች ብሎ እዚያ ሲያፈላልጋት ከረመ።

«መቼ ወሰዳት?»

«ትናንት ማለዳ። ውኃ ልትቀዳ እንደ ወጣች። ጀሪካኑን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ መኪናቸው ሲነሣ ነው የደረስኩት።» ዳሃቦ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አታደርግም። «የአካባቢው ሹም፣ ቺፉ ጋ ሄድኩ። የድንበሩን ኬላ ተሻግረዋል፣ ሙሽራው ወዲያ ማዶ ነው፣ ከእጄ ወጥቷል አለኝ።»

«እዚህ መሆኗን ማን ነገረው?»

ዳሃቦ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስልክ በአገጯ ታመለክታለች።

አሰግድ ስልኩን ያየዋል። በውስጡ ሁለት መቶ አሥራ አራት የሒሳብ መምህራን አሉ፤ ከኪሱሙ እስከ ማንዴራ። ወደ ሥልጠና የሚልካቸው ስለሌለ በዋትስአፕ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ። በየሳምንቱ ዓርብ አንዱ ትምህርቱን በስልኩ ቀርጾ ይልካል፤ የቀሩት ይተቹታል፣ በየክፍላቸውም ይሞክሩታል። ደንቡን ያረቀቀው አሰግድ ነው። የደንቡም የመጀመሪያ አንቀጽ የተማሪ ፊት እንዳይታይ ያዛል። ስለዚህ ቱሪ በሰሌዳው ላይ ክፍልፋይን ስትሠራ የቀረጸው እጇንና ጠመኔውን ብቻ ነበር። ድምፅዋንም አውጥቶ በምትኩ የራሱን ማብራሪያ አስገብቶበታል።

«ፊቷን አላሳየሁም፤ ድምፅዋንም አላሰማሁም» ይላል። «ይመኑኝ። የላክሁትም ለመምህራን ብቻ ነው።»

«ግመሎቹን አሳይተሃል።»

ዳሃቦ ደብተሩን ትገልጣለች። በሰሌዳው ላይ እንደሣለቻቸው ሁሉ፣ ሃያ አራት ግመሎች በሦስት ረድፍ ቆመዋል፤ የሃያ አራት አንድ ሦስተኛ ስንት እንደሆነ ለማሳየት። በእያንዳንዱ ግመል ጭን ላይ ሁለት ጭረት፣ ከጭረቶቹ ሥር ደግሞ አንድ ትንሽ ክብ አለ። አሰግድ ጌጥ መስሎት ነበር። በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ንጹሕ ሥራ» ብሎ ጽፎበታል።

«የሁካ ምልክት ነው። በጋለ ብረት የሚተኮሰው» ትላለች። «እኛ ዘንድ ልጅ ግመል ሣይ ስትባል ያለ ምልክት አትሥልም። የማንም ያልሆነ ግመል አይታ አታውቅማ።»

አሰግድ በአንዱ ግመል ጭን ላይ ያለውን ክብ በጣቱ ይነካል።

«ቦሪ የሚያስተምረው ምዋሊሙ ፊልሙን ለክፍሉ አሳየ። ታናሽ እህቷ እዚያ ትማራለች። የእኛ ግመሎች ናቸው ብላ ተነሣች አሉ፣ ደስ ብሏት። ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረች። ከዚያ ሁካ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን የላከው ምዋሊሙ የት ነው የሚያስተምረው?»

ከቦሪ የመጣውን መልእክት አሰግድ ያስታውሰዋል። «ክፍሌ እንዲህ ሲነቃቃ አይቼ አላውቅም፤ አንዲት ሕፃንማ በደስታ ከመቀመጫዋ ዘለለች» የሚል ነበር። እሱም በመልሱ የተነሣ አውራ ጣት ልኮለታል።

«ሁካ ከመኪናው ላይ ሆኖ ምን አለኝ መሰለህ? ምዋሊሙን አመስግኚልኝ፣ መንጋዬን ሳይሳሳት አስቆጥሮልኛል አለኝ።» ዳሃቦ ነጠላዋን ታስተካክላለች። «አንተ ስንት ዓመትህ ነው እዚህ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ወተታችንን ጠጥተህ ግመሉን አላየኸውም።»

ስድብ አይመስልም፤ የወተት ልክ እንደምትናገር ነው የምትለው። ሹራቡን በእጇ አንድ ጊዜ ዳብሳ ትወጣለች። የዕረፍቱ ደወል ይደወላል፤ በግቢው አቧራ ይነሣል።

አሰግድ ስልኩን ያነሣል። ወደ ፊልሙ ተመልሶ በጣቱ ተጭኖ ይይዘዋል። ከሁሉም ዘንድ የማጥፊያው ጊዜ ስላለፈ ስልኩ አንድ ምርጫ ብቻ ይሰጠዋል፤ ከራሱ ዘንድ ማጥፋት። ያጠፋዋል። ከዚያ ለሁለት መቶ አሥራ አራቱ ይጽፋል፦ «የግመሎቹን ፊልም እንድታጠፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ምክንያቱን መጻፍ ይጀምርና ይተወዋል።

የኪሱሙው መምህር ቀድሞ ይመልሳል። «ምን ስሕተት አገኘህበት? ስሌቱ ትክክል ነው።»

በትናንትናው ዕለት የገባች አንዲት መምህርት ደግሞ «የትኛው ፊልም? እኔ አላየሁትም» ትላለች።

ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ለእርሷ ብሎ መልሶ ይልከዋል። ፊልሙ በአሰግድ እጅ ላይ ይከፈታል። ትንሿ እጅ በሰሌዳው ላይ ግመል ከግመል እያስከተለች ትሄዳለች፤ ሁለት ጭረት፣ አንድ ክብ፣ ሁለት ጭረት፣ አንድ ክብ። የመጨረሻውን ጨርሳ ለአፍታ ትቆማለች። ወደ ረድፉ መጀመሪያ ተመልሳ የረሳችውን አንዱን ትፈልግና እሱንም ምልክት ታደርግበታለች።

«ልብ በሉ» ይላል የራሱ ድምፅ፤ የረጋና የተመጠነ ነው። «አንድም አልዘለለችም።»