የጋራው ስም

የካርታ ሠሪዎቹ ደንብ አንድ ነው፤ የቦታ ስምና ትርጉም የሚጻፈው በአገሩ በዕድሜ ታላቅ የተባለ ሰው ምሎ ሲናገር ነው። ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ፣ በሬ አጥታ መሬቷ ጦሙን ያደረባት፣ የአገሩ ታላቅ የምትባል ባልቴት ደጅ ሰው በዛበት።

መጀመሪያ አቶ ሽባባው በሬዎቹን እየነዳ መጣ። «እትዬ፣ መቼም ያንን ጋራ ያቀኑት የኔ አያት መሆናቸውን አይረሱም» አለና ማሳዋን ሲያርስ ዋለ።

«ምን ቆርጦኝ እረሳለሁ!» አለችው።

በማግስቱ ባላንጣው አቶ ይመኑ ዘር ተሸክሞ ከች አለ። «ጋራው በኔ አያት ስም ካልተጻፈ እኔ ሰው አይደለሁም!»

«አይዞህ፣ ሰው ነህ» ብላ አባበለችው። ዘራላት።

ቡቃያው ብቅ ባለ ሰሞን ካርታ ሠሪዋ መጣች። ሁለቱ ሰዎች ከባልቴቷ ግራና ቀኝ ቆሙ።

«እማማ፣ የጋራው ስም ማን ይባላል?»

ባልቴቷ ቡቃያዋን በአይኗ ዳበስ አደረገችው። «ልጄ፣ ታላቅ እያለ ታናሽ አይምልም። አገሩ ሁሉ ሳይጠይቀኝ ታላቅ አደረገኝ እንጂ፣ ማዶ ያለችው እህቴ ትበልጠኛለች።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እሷ ዘንድ እንሂዳ!»

«ዛሬማ አይሆንም። ቤቷ ያፈሳል፤ ወረቀትሽ ይበሰብስብሻል» አለችና ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረች። «ለመሆኑ ከሁለታችሁ ቤት መክደን የሚችል ማነው?»