የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት

ከተማው የቆዩ ቅርሶቹን በሰው የልብ ምት ማንቀሳቀስ ከጀመረ ወዲህ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ማማ ሰዓት የማዞረው እኔ ነኝ። ልቤ ሲመታ እሱ ይቆጥራል። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል እስከ ለገሃር፣ ቸርችል ጎዳና የሚተዳደረው በእኔ ነው፤ ፖስታ ቤቱ በእኔ ይከፈታል፣ የጥቁር አንበሳ ተማሪ በእኔ ይሰለፋል፣ ባቡሩም በእኔ ይነሳል። ታዲያ ብኮራ ማን ይፈርድብኛል?

ቤቴ ውስጥ ግን ጮክ ተብሎ አይወራም። ልጄ ሶስና ያደገችው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍታ ኳስ እያየች ነው። ባለቤቴ ያረፈ ዕለት እንኳ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ማረጋጊያ ክኒን አስውጠውኝ፣ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ቀበርኩት። ሰዓቱ ዝንፍ አላለም ተብሎ ሜዳሊያ ተሸለምኩ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሶስና ባል ምናሴ ከሆስፒታል ደወለ።

"እማማ፣ መጀመሪያ ክኒንዎን ይዋጡ።"

"ተናገር አንተ!"

"ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ኧረ በእግዜር፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ!"

ክኒኑን አየሁት፤ እዚያው ተውኩት። ጎዳናውን ቁልቁል የሚያየውን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩና ጎረቤት እስኪደነግጥ እልል አልኩ። ማማው ላይ ደቂቃ ቆጣሪው መሮጥ ጀመረ። መንገደኛው ቆሞ አንጋጠጠ። አንዱ ባለታክሲ ቀና ብሎ አየኝና ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ክላክሱን ለቀቀው፤ ሌላው ተቀበለው፤ እስከ ለገሃር ድረስ ጎዳናው በሙሉ አብሮኝ እልል አለ።

ከዚያ መስኮቱን ሳልዘጋ ቁጭ አልኩና ለባለቤቴ አለቀስኩለት። ሰዓቱ እንዳሻው ይሁን።