የማታው ደንብ

ልብስ ሰፊዋ የሥራ ክፍሏን ቆልፋ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠች። በግሏ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ያወጣችው የመጀመሪያ ደንብ ነበር፤ ከመሸ የስፌት መኪናው አይነካም፣ ሥራም ከዚያ በር አይወጣም። ሳሎን ገብታ ሶፋው ላይ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ቀና ብሎም አላያት።

«ካሁን በኋላ ማታ ማታ ያንተ ነኝ» ልትለው ስትል፣ ከተቆለፈው ክፍል የመኪናው ድምፅ ተነሣ። ረገጥ፣ ረገብ፣ ደግሞ ረገጥ፤ የእሷው አረጋገጥ ነበር። የቁልፉ ጥርስ መዳፏን ወጋት።

«ዛሬም አይበቃሽም እንዴ?» አለ ባሏ እንደለመደው ወደ በሩ ዞሮ። «እራቱ ቀዘቀዘ እኮ።»

«መጣሁ መጣሁ፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ከበሩ ወዲያ የእሷው ድምፅ።

«እሺ፣ እጠብቅሻለሁ» አለና፣ እሷ በተቀመጠችበት ላይ እግሩን ዘርግቶ ጋደም አለ።