ለመስቀል የምትመጣ ልጅ

ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ከወንዝ ማዶ ላለች መካን ሴት በማደጎ ሰጥተዋት ነበር። እዚያ ጠግባ በልታ አደገች፤ መስቀል በደረሰ ቁጥር ግን አሳዳጊዋ አዲስ ቀሚስ አልብሳ ወላጆቿ ቤት ታመጣት ነበር። እህቶቿ በቅናት ሲያብጡ፣ እሷ በሁለት እናት ትሞላቀቃለች።

ስለዚህ ባሏ ሞቶ ጓዳዋን አይጥ እንኳ ሲጠየፈው፣ ትንሿን ልጇን ረድኤትን ለፈረንጆች ለመስጠት አላመነታችም።

«ልጅ እንደ ጥጃ ይሰጣል?» አለቻት ጎረቤቷ ዘነበች።

«እኔስ ተሰጥቼ የለም? ምኔ ጎደለ? ያንቺዎቹ ሳይሰጡ ቀርተው እንኳ መች ዞር ብለው ያዩሻል።»

ፍርድ ቤት ዳኛው «በፈቃድሽ ነው?» ሲሏት፣ «በፈቃዴ ነው» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ደጅ ወጥተው ፈረንጇ ረድኤትን ስታቅፍ፣ እናትየዋ አስተርጓሚውን ጠጋ አለችው።

«ለመስቀል ሲያመጧት ልብስ ብለው እንዳይቸገሩ በልልኝ። እኔ አሰፋላታለሁ።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ወደ ፈረንጆቹ ዞሮ በቋንቋቸው፣ «አደራ፣ በደንብ አሳድጓት ትላለች» አላቸው።

«ምን አሉ?»

«እሺ ብለዋል።»

ፈረንጇ እናትየዋ አንገት ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች። አንጀቷን በላቻት። እናትየዋ የፈረንጇን ጀርባ እየደባበሰች፣

«አይዞሽ እቴ» አለቻት፤ «በዓሉ እንዳለፈ እመልስልሻለሁ።»