ሰርጎ መግባት የሚጀምርበት ድንበር

ምድርን በቃሉ ያጸና፣ በወደደም ጊዜ የሚያናውጣት አምላክ አንደበቴን ያቅናልኝ፤ ነገሬንም ያሳጥርልኝ።

በ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለች ጎጆ፣ ነጅመዲን የሚባል የቀበና ሰው የምድርን መንቀጥቀጥ የምትመዘግብ መሣሪያ ይጠብቅ ነበር። መርፌዋ በጥቀርሻ በጠቆረ ወረቀት ላይ ነጭ መስመር ትጭራለች። ሥራው ከፋርስ ምድር ዳርቻ የሚመጣውን መናወጥ መለየት ነበር፤ በዚያ የብስ ከየብስ መጋጨቱ ይቀርና የባሕሩ ወለል ከየብሱ ሥር ይሰርጋል።

ጥፋቱ አንዲት ቃል ናት። በመዝገቡ ላይ «ግጭቱ አብቅቶ ሰርጎ መግባቱ የሚጀምርበት ድንበር» ብሎ ጻፈ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ገመዳ ይህን ሲያነብ ሰርጎ ገብ ያገኘ መሰለው። እስር ቤቱ ሞልቶ ስለ ነበር በዚያችው ጎጆ ቆለፈበት። ዓርብ ቀትር ለበላይ አካል ሊያስረክበው ቈረጠ፤ ወደዚያ የሄደ ደግሞ አይመለስም ነበር።

ረቡዕ ሊመረምረው መጣ። የነጅመዲን ሚስት አስያ ምሳ ይዛ ደጅ ቆማ ነበር፤ ዘበኛው ኤጀታ እንዳትገባ ከለከላት፤ የውስጡ ንግግር ግን ከደጅ ይሰማት ነበር። ነጅመዲን ያስረዳ ጀመር፤ ከፋርስ ዳርቻ የሚነሣ መንቀጥቀጥ እንጦጦ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ ፊተኛው ፈጣን፣ ኋለኛው አራት ደቂቃ ዘግይቶ የሚመጣ ብርቱ።

«እንግዲያው ምድርህን ንገራት» አለ ገመዳ። «ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ሁለቴ ትነቃነቅ። እኔው ቁጭ ብዬ አያታለሁ።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምድር ቀጠሮ አታውቅም።»

«ሰርጎ ገብ ግን ያውቃል።»

ሁለት ቀን መስመሩ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ነጅመዲን በመስኮቱ ሽቦ በኩል ከባሕር ዛፍ ጫፍ በቀር የሚያየው አልነበረም። ምሳው ሳይነካ ይመለሳል።

ዓርብ ገመዳ ሰዓቱን ይዞ ከመርፌዋ ፊት ተቀመጠ፤ ኤጀታንም ለምስክርነት አስገባው። ነፋሱ ዛፉን ያወዛውዛል፤ ከውጭ የእንጨት ለቃሚዎች ጫጫታ ይሰማል።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው መርፌዋ ዘለለች። ገመዳ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። አራት ደቂቃ እንደ ሞላ ዳግመኛ ዘለለች፤ አሁን በርትታ።

ነጅመዲን ጭረቱን አተኩሮ አየና አንገቱን ደፋ። ገመዳ ምስጋና መሰለው።

«ለካስ እውነትህን ኖሯል» አለና በሩን አስከፈተለት።

ከጎጆው ጀርባ አስያ አራቱን ደቂቃ የቆጠረችበትን መቁጠሪያዋን ጠቅልላ፣ በእርሷ ምልክት ሁለት ጊዜ ሸክማቸውን በአንድነት መሬት ላይ የጣሉትን ዐሥራ ሁለት እንጨት ለቃሚዎች አሰናበተች።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ በር በተዘጋባችሁ ቀን ከደጅ የሚቆምላችሁ አይጥፋ። አሜን።