ለምሳሌ የፈጠርኳት ልብስ ሰፊ

እናቴ ትሙት፣ አሁን በማወራላችሁ ነገር ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለችም።

መሥሪያ ቤታችን የደንበኞችን አካውንት የሚያስተካክል ሶፍትዌር ገዛ። መመሪያውን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ፣ «የእውነተኛ ደንበኛ ስም እንዳትነካ፤ ለምሳሌ የሚሆን ሰው ፍጠር። መቼም መዋሸት አይከብድህ!» አለኝ።

እኔም ሶፍትዌሩ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ፈጠርኩ፤ ዕድሜዋ ስልሳ ሦስት፣ ግራ እግሯን የምታነክስ፣ ከአንድ ሴት ልጇ ጋር የምትኖር። ስለ መሰረዝ የሚናገረው ገጽ ላይ ስደርስ፣ ለማሳያ ብዬ የልጇን ስም ከአካውንቷ አጠፋሁ። ከሥሩም «የተሰረዘ አይመለስም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ግራ እግራቸውን እያነከሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ከሰው ጋር አምታተውኝ ይሆናል።»

«አላምታታሁህም። ትናንት ምሳ እየበላን ሳለ ልጄ ቀና ብላ ‹እርስዎ ማን ነዎት?› አለችኝ። ልጄን መልስልኝ።»

ሶፍትዌሩን ከፈትኩ። የልጅቷን ስም ደጋግሜ ብጽፍ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ? «ተስተካክሏል፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ» አልኳቸው። ሴትዮዋም መርቀውኝ ሄዱ።

እሺ፣ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። ሄዱ ያልኩት ውሸት ነው፤ አሁንም ጠረጴዛዬ አጠገብ ናቸው። ከልጃቸው ቤት ሌላ መሄጃ አልፈጠርኩላቸውም።