ጮክ ተብሎ የተነበበ ውል

«የኪራይ ውል ነው ብለህ አንብብላት፤ ፊደል አልቆጠረች፣ ምን ታውቃለች?» አለ ሰር ሃምፍሪ። ወረቀቱ ግን የመበለቲቱ የማርጀሪ እርሻ ለእሱ እንደተሸጠ የሚናገር ነበር።

የኖርዊች ከተማው ውል ጸሐፊ ደሙ ፈላ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። «እሺ ጌታዬ። ኋላ ሴትዮዋ እንዳትክድ ምስክር ይብዛ» አለና አራት ጎረቤቶች አስጠራ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ልክ እንደታዘዘው፣ አነበበላት። ማርጀሪ መረቀችውና በፊርማ ፋንታ መስቀል ጫረች።

ሰር ሃምፍሪ እርሻውን ሊረከብ ችሎት ሲቀርብ ጸሐፊው ሳይጠራ ተነሣ።

«ሽያጩን ኪራይ ብዬ ነው ያነበብኩላት፤ አራቱም ሰምተዋል።»

«ላልተማረ ሰው በሐሰት የተነበበ ውል ፈራሽ ነው» አሉ ዳኛው። «የሐሰተኛ ጸሐፊ ቅጣት ደግሞ ጆሮ መቆረጥ ነው።»

«ይቆረጥ» አለ ቆቡን እያወለቀ። «ሠላሳ ዓመት የእነ ሰር ሃምፍሪን ትእዛዝ የሰማ ጆሮ ነው።»